ወደ ሳይክል ልትመለሱ ያሰባችሁ፣ ከዳገቱ በፊት ኮርቻውን እዩት

ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሳይክል ከነዳሁ አራት ዓመት አልፎኝ ነበር፣ ዘንድሮ ትሪያትሎን (ዋና፣ ሳይክልና ሩጫ ተከታትሎ ያለበት ውድድር) ልሞክር ብዬ ተነሳሁና የመጀመሪያው እሁድ ላይ ቀጥታ ወደ እንጦጦ፣ አስቡት እስቲ፣ አዲስ አበባ ራሷ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እሱ አልበቃ ብሎኝ ዳገት ጨመርኩበት። ግማሽ ሳልደርስ ወርጄ እየገፋሁ ሄድኩ፣ ለሦስት ቀን ጉልበቴ ደረጃ አላስወርድ አለኝ።

በኋላ ሳየው ጥፋቱ ዳገቱ ብቻ አይደለም፣ ኮርቻው በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። መለኪያው ቀላል ነው፦ ግድግዳ ይዛችሁ ተቀመጡና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ካለ ልክ ነው፣ ከዛ በፊተኛው የእግራችሁ ክፍል ስትረግጡ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ይላል። ስትነዱ ዳሌያችሁ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ ከፍ ብሏል፣ ዝቅ አርጉት።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሜዳ ሜዳውን፣ በቀላል ማርሽ፣ እያወራችሁ መንዳት በምትችሉበት ፍጥነት፣ በሳምንት ሦስቴ 30 ደቂቃ ይበቃል። ቆሞ የከረመ ሳይክል ከሆነ ፍሬኑንና ጎማውን ሳታዩ እንዳትወጡ፣ ካቴናውንም ዘይት ቀቡት (የወጥ ዘይት አይደለም እባካችሁ)።

አጭሩ ትሪያትሎን፣ ስፕሪንት የሚሉት፣ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው፣ ስለዚህ በሳምንት አንዴ ከሳይክል እንደወረዳችሁ 10 ደቂቃ ሶምሶማ ልመዱ፣ መጀመሪያ ላይ እግራችሁ የሌላ ሰው እግር ነው የሚመስላችሁ።