አዲስ ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኩስ ሜዳ ሲወጣ

አዲስ ጠመንጃ የገዛ ሰው የሚቸኩለው ወደ 100 ሜትሩ ዒላማ ነው። አንድ ፓኬት ጥይት ያልቅና ወረቀቱ ንጹህ እንደሆነ ይቀራል፤ ጥፋቱ የማነጣጠሪያ መነጽሩ ይሁን የላላ ብሎን ወይስ የተኳሹ እጅ ለመለየት ያስቸግራል። ጥርጣሬዎቹን አስቀድሞ አንድ በአንድ መዝጋት ይሻላል፤ ግማሹ ሥራ ደግሞ ከቤት ሳይወጡ የሚያልቅ ነው።

በመጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፣ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ይሳቡ፣ መጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ከፋብሪካ የወጣ መሣሪያ እንዳይዝግ አፈሙዙ ውስጥ ዘይት ወይም ግራሶ ይቀባል። ማቀባበያው የሚወልቅ ከሆነ አውልቀው ከኋላ በኩል በመወልወያ ዘንግ ጨርቅ ያስገቡ፤ ጨርቁ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ይደጋግሙና በደረቅ ይጨርሱ። በስስ የቀረ ዘይት የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች ከተከታዮቹ የተለየ ቦታ ይጥላቸዋል። ውስጥ የተረሳ ጨርቅ ግን አፈሙዙን ሊያሳብጠው አልፎም ሊያፈነዳው ስለሚችል፣ ወደ ብርሃን አዙረው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያዩ አይነሡ።

ቀጥሎ የመነጽሩን ብሎኖች ይፈትሹ። የቀለበቶቹ ብሎኖች ብዙውን ጊዜ ከ1.7 እስከ 2.3 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካለ እሱ ይቀድማል። ከመጠን በላይ ማጥበቅ የመነጽሩን ቱቦ ይጨፈልቃል። በዓይንና በመነጽሩ መካከል ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይተዉ፤ ከዚያ ከቀረበ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ ቅንድብ ይሰነጥቃል።

ጥይቱን ሲመርጡ አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውና ፓኬቱ ላይ የተጻፈው በትክክል አንድ መሆን አለበት። ገባ ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም፦ 5.56 ኔቶ ጥይት ለ223 ሬሚንግተን በተሠራ መጉረሻ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ግፊቱ ግን ከተፈቀደው ሊያልፍ ይችላል። ለመጀመሪያው ቀን 40 ያህል ጥይት፣ ሁሉም አንድ ዓይነትና አንድ ክብደት፣ ይበቃል።

የጠመንጃ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ዴሲቤል በላይ ነው። 140 ብቻውን ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ስለሚችል ውስጥ መድፈኛ፣ ከላይም መሸፈኛ ያድርጉ፤ የዓይን መከላከያ አይቅር። ሜዳው ላይ አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ዒላማው፣ ጣትም ከቃታው ውጭ። «ተኩስ አቁም» ከተባለ መሣሪያውን አራግፈው ማቀባበያውን ከፍተው ይራቁ፤ ሰው ዒላማው ጋ ቆሞ ሳለ ጠመንጃ አይነካም።

ሥራው የሚጀመረው 25 ሜትር ላይ ነው። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ ያሳርፉት፤ ከረጢቱ የሚነካው እንጨቱን እንጂ አፈሙዙን አይሁን፣ አለዚያ ምቱ ይዛወራል። ማቀባበያውን አውጥተው በአፈሙዙ ቀዳዳ እያዩ ዒላማውን መሃል ያስገቡ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ሳያንቀሳቅሱ የመነጽሩን መስቀል ወደዚያው ያምጡ። እዚህ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል፦ የመነጽሩ ማስተካከያ (የሚዞረው ቁልፍ) ላይ ያለው ቀስት የሚያሳየው ጥይቱ የሚሄድበትን ነው፤ መስቀሉ የሚሄደው በተቃራኒው ነው።

መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ አጉርሰው ይተኩሱ። ቀለሁን አንስተው ይዩት፤ ተሰንጥቆ ወይም አብጦ ከሆነ ይቁም፣ ባለሙያ ይየው። ደህና ከሆነ ወደ አንድ ነጥብ አልመው ሦስት ይተኩሱና የሦስቱን መሃል ይለኩ። በአንድ ጥይት ማስተካከል ጥይት ማባከን ነው። መነጽሩ ባለ 1/4 ኤም.ኦ.ኤ (የአንድ ዲግሪ 1/60ኛ የሆነ የማዕዘን መለኪያ) ከሆነ አንድ ክሊክ፣ ማለትም ማስተካከያው ቀጭ የሚልበት አንድ እርከን፣ 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ያዛውራል፤ 25 ሜትር ላይ ግን 1.8 ብቻ። ስለዚህ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከመታ 28 ክሊክ ወደ ላይ ነው። በ100 ሜትሩ ልክ አስልቶ 7 ክሊክ የሚያዞር ሰው መነጽሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

25 ላይ መሃሉን ካገኘ ወደ 100 ሜትር ይሂዱ፤ እንደገና ሦስት ሦስት። በየሦስቱ መካከል ማቀባበያውን ከፍተው አፈሙዙን ያቀዝቅዙ፤ በተለይ ቀጭን አፈሙዝ ሲግል ምቱ እየሸሸ ይሄዳል፣ የተኳሽ ስህተትም ይመስላል። ምቶቹ ያለ ሥርዓት ከተበተኑ ማስተካከያውን አይንኩ፤ መጀመሪያ ብሎኖቹን ይዩ።

ሁለት ነገሮች ግን ሊቀለድባቸው አይገባም። ቃታ ተስቦ ጥይቱ ካልተኮሰ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዙ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ባሩዱ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ይችላል። ድምፁ ከወትሮው የደከመ፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚመታውም የላላ ከሆነ ደግሞ ሌላ አያጉርሱ። እርሳሱ (ከጥይቱ ተወርውሮ የሚሄደው ጫፍ) አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት ሲደርስበት አፈሙዙ ሊፈነዳ ይችላል። አራግፈው፣ በቀዳዳው ብርሃን ሳያዩ አይቀጥሉ።

ሲጨርሱ የጥይቱን ዓይነትና ክብደት፣ ርቀቱንና የመጨረሻውን ማስተካከያ ይጻፉ። የእርሳስ ብናኝ እጅ ላይ ስለሚቀር ምግብ ከመንካት በፊት በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ። ቤት እንደደረሱም ብሎኖቹን በዚያው መጠን እንደገና ይሞክሯቸው፤ አዲስ መሣሪያ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ተኩሶች በኋላ መላላታቸው የተለመደ ነው።