የመናፈሻው ሥዕል መላጡን እንዴት አቆምነው

ጅማ፣ ሰፈራችን ካለው መናፈሻ ግድግዳ ላይ ከልጆቹ ጋር የሣልነው ጀበና በክረምቱ ተላጠ። ቀለሙን በጣቴ ስነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ፤ ከሥሩ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት አለ። በላዩ ደግመን ቀባነው፤ በወሩ ተመልሶ ተላጠ። በጣም አዘንኩ፣ ልጆቹ ብዙ ደክመውበታልና።

ጥፋቱ ከግድግዳው ጀርባ የሚጠራቀመው ውሃ ነው። የዘይት ቀለማችን ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ያዘው። ከጀርባ ቦይ ቆፈርን፣ ቀለሙን ፍቀን ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ጠረግን፤ በውሃ ቢታጠብ ጨው ተመልሶ ይገባል። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ ጠበቅን። መድረቁን ለማየት ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፌ አሳደርኩ፤ ሁለት ጊዜ ውስጡ ጤዛ አገኘሁ፣ በሦስተኛው ደረቅ ነበር። ያኔ ለውጭ ግድግዳ የሚሆን የውሃ ቀለም ቀባን።

እጀታውን የሣለችው ልጅ ራሷ ደግማ ሣለችው። አንድ ክረምት አልፎበታል፣ አልተላጠም።