የአሮጌ ቮልስ መሪ ስንጥቅ ሲጠገን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ ወይም በ1960ዎቹ የተሠራ ቮልስ ያለው ሰው ሞተሩን አስጠግኖ፣ ላሜራውን አስቀጥቅጦና ቀለሙን አስቀብቶ ሲያበቃ፣ ዓይኑ በመጨረሻ የሚያርፈው መሪው ላይ ነው። የመሪው ክብ ከክንዶቹ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ፀጉር የሚያህል መስመር፣ አንዳንዴም ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይታያል። ክፍተቱን በስቱኮ ደፍኖ በላዩ ቀለም መቀባት የግማሽ ቀን ሥራ ስለሚመስል ብዙ ሰው እንደዚያው አድርጎ ያልፋል። እኔም የመጀመሪያውን መሪዬን የጠገንኩት በዚሁ መንገድ ነበር፤ በክረምት የደፈንኩት ስንጥቅ የበጋው ፀሐይ ሳያልፍ በዚያው ቦታ ተመልሶ ተከፈተ።

የስህተቶቹ ሁሉ ሥር ስንጥቁን የላይ ቁስል አድርጎ ማየት ነው። የመሪው ውስጥ ክብ የብረት አጥንት ሲሆን ፕላስቲኩ በላዩ ላይ የተጣለ ልባስ ነው። ፕላስቲኩ በዘመን ብዛት የሚያለሰልሰውን ንጥረ ነገር እያጣ ይደርቃል፣ ይኮማተራልም፤ ብረቱ ግን አይኮማተርም። በዚህ ላይ ፕላስቲክ በሙቀት የሚለጠጠውና በብርድ የሚሰበሰበው ከብረት ብዙ እጥፍ በልጦ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ ቀን ፀሐይ ላይ በቆመ ዝግ መኪና ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀትና በኅዳር ሌሊት የሚወርደው ብርድ በአንድ ቀን ውስጥ መሪውን ከሁለቱም ወገን ይጎትቱታል፤ በከፍታው የሚበረታው የፀሐይ ጨረርም የፕላስቲኩን ገጽ ያደርቀዋል። ስለዚህ ስንጥቁ የዚህ ጉተታ ውጤት ነው፤ ጥገናውም ጉተታውን የሚችል መሆን አለበት።

መሪው ከምን እንደተሠራ ሳያጣሩ መጀመርም ከዚሁ የሚመጣ ስህተት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩ መኪናዎች ላይ ጠንካራ ጎማ የተለመደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ኬሚስቱ ሊዮ ቤክላንድ የፈጠረው ባክላይት የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክም በመኪና ዕቃዎች ላይ በሰፊው ገብቶ ነበር። በኋላ ደግሞ ከሴሉሎስ፣ ማለትም ከእፅዋት ቃጫ ከሚገኝ ንጥረ ነገር፣ የሚሠሩ ፕላስቲኮች በተለይ በአሜሪካ መኪናዎች ላይ ተስፋፉ። ከመሪው ጀርባ በማይታይ ቦታ ጥቂት በሸካራ ወረቀት ሲፈተግ ጠንካራ ጎማ የድኝ ሽታ ይሰጣል፤ ባክላይት ደግሞ መድኃኒት መሰል ኃይለኛ ሽታ አለው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው የማጽጃውን ፈሳሽ ለመምረጥ ነው፤ በሴሉሎስ ፕላስቲክ ላይ አሴቶን ወይም ቲነር የነካ ጨርቅ ማሳረፍ ገጹን ያሟሟዋል፤ አንዴ የሟሟውንም መመለስ አይቻልም። እኔ በቅድሚያ የምጠቀመው ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ነው፤ ሌላ ፈሳሽ ካስፈለገም በማይታይ ቦታ ሳይሞከር አይነካም። ጽዳቱ ደግሞ ከመፈተግ በፊት መሆን አለበት፤ አለዚያ የዓመታት የእጅ ቅባትና የማስወልወያ ሰም በፍትጊያው ወደ ስንጥቁ ይገባል።

ሦስተኛው ስህተት መሪውን ከመኪናው ሳይፈቱ መሥራት ነው፤ ሲፈቱም በችኮላ መፍታት። በቅድሚያ የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ይነቀላል፤ የክላክሱ ገመድ በመሪው ውስጥ ስለሚያልፍ ባትሪው ሳይነቀል የተነካ እንደሆነ ሰፈሩን በጩኸት ይቀሰቅሳል። ከዚያም የክላክሱ ክዳን ተነሥቶ ዳዶው ይላላል፤ ይሁንና ሙሉ በሙሉ መውጣት የለበትም። ከሁለት እስከ ሦስት ዙር ያህል በዘንጉ ላይ ካልተተወ፣ የተጣበቀው መሪ በድንገት ሲለቅ የሚመታው የጎታቹን አገጭ ነው። ከመፍታቱም በፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ ዘንጉና የመሪው እምብርት የሚገጥሙበትን ቦታ በቀለም ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። አልለቅ ያለውን መሪ ለማስለቀቅ የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ መምታት ጥርሱን ያበላሻል፤ ከዘንጉ በታች ያለውን የመሪ ሣጥንም ይጎዳል። ተስማሚ መንቀያ እስኪገኝ መታገሥ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ አደገኛ የሆነው ግን አጥንቱን ሳያዩ ልባሱን መጠገን ነው። ስንጥቁ የሚሞላበት ኤፖክሲ፣ ማለትም ሲደርቅ የሚጠነክር ባለ ሁለት ክፍል ማጣበቂያ፣ የሚተካው ፕላስቲኩን እንጂ ብረቱን አይደለም። የክንዱ ብየዳ ከተላቀቀ፣ ክቡ በእጅ ሲጨበጥና ሲጠመዘዝ ከተወዛወዘ፣ ወይም የእምብርቱ ጥርስ ከተበላ፣ ያ መሪ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል እንጂ መኪና ላይ ሊገጠም አይገባውም። በዚህ ጉዳይ ላይ ለውድ ዕቃም ሆነ ለትዝታ ሲባል የሚደረግ ምሕረት የለም። ኤርባግ ያላቸው አዳዲስ መሪዎች ደግሞ እዚህ በተነገረው መንገድ ጨርሶ መነካት የለባቸውም።

አጥንቱ ደኅና ከሆነ ቀጣዩ ስህተት ስንጥቁን ሳያሰፉ መድፈን ነው። ቀጭን ስንጥቅ ቀጭን በመሆኑ ብቻ ተትቶ በላዩ ላይ የተለቀለቀ መሙያ የሚይዘው የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ሙቀትም ያስለቅቀዋል። ባለቤቱን ቢያስደነግጥም ስንጥቁ በብረት መጋዝ ምላጭ ወይም በትንሽ ትራፓኖ እስከ አጥንቱ ድረስ ይከፈታል፤ አፉ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፤ ግድግዳዎቹም ኤፖክሲው እንዲጨብጣቸው ይሻክራሉ። በግልጥ የሚታየው ብረት ዝገት ካለው ዝገቱ ተፍቆ መውጣት አለበት፤ ዝገት ላይ የተጣበቀ ኤፖክሲ ከዝገቱ ጋር አብሮ ይነሣል።

የመሙያው ምርጫ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። ለላሜራ የሚሠራው ስቱኮ በቀላሉ ስለሚፈተግ ይወደዳል፤ ነገር ግን ለእንዲህ ያለ የሚሳብና የሚላላ ክፍተት ተሰባሪ ነው። በአምስት ደቂቃ ይደርቃል የሚባለው ፈጣን ኤፖክሲም ችኮላን የሚያስደስት እንጂ ጥንካሬን የሚሰጥ አይደለም። የሚፈለገው እንደ ሊጥ የወፈረ፣ ቀስ ብሎ የሚጠነክር ባለ ሁለት ክፍል ኤፖክሲ ነው፤ በአሜሪካ አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች ለዚህ ሥራ የለመዱት ፒሲ-7 የሚባለው ነው፤ ሁለቱ ክፍሎቹ እኩል በእኩል ይቀላቀላሉ፤ ለመጠንከርም በመካከለኛ ሙቀት 24 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ኤፖክሲን በዓይን ገምቶ መቀላቀል፣ ወይም ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማጠንከሪያውን ማብዛት፣ ለዘላለም የማይደርቅ ማስቲካ ያስገኛል። በአዲስ አበባ የጥቅምትና የኅዳር ብርድ ኤፖክሲው በአንድ ሌሊት አይጠነክርም፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን መስጠት ብልህነት ነው።

የሙላቱ ሰዓትም ዝም ብሎ የሚመረጥ አይደለም። ፀሐይ ላይ የቆየ መሪ ፕላስቲኩ ተለጥጦ ክፍተቱ ይጠባል፤ ያን ጊዜ ከተሞላ ማታ ሲቀዘቅዝና ሲሰበሰብ ገና ያልበረታውን ኤፖክሲ ወደ ሁለት ወገን ይስበዋል። መሪው ጥላ ውስጥ ቆይቶ፣ ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን መሙላት ተገቢ ነው። መሙያው ከገጹ ጥቂት ከፍ ብሎ ይተዋል፤ ማስተካከሉ በኋላ ይመጣል።

ሲፈተግ ጠፍጣፋ እንጨት መጠቀም ክቡን ወደ ማዕዘን ይለውጠዋል። ሸካራው ወረቀት በቀጭኑ ተቀዶ፣ ጫማ ጠራጊ ጨርቁን እንደሚስብ ሁሉ፣ ወዲያና ወዲህ ሲሳብ ክቡን ተከትሎ ይሠራል። በአንዳንድ መሪ ጀርባ ያሉ የጣት መያዣ ጥርሶች ግን በክብ ሞረድ አንድ በአንድ መቀረጽ አለባቸው፤ ይህን የዘለለ ሰው የሠራው ቦታ ከሩቅ ያስታውቃል። ከ80 ቁጥር ወረቀት ተጀምሮ በ180 እና በ320 አልፎ እስከ 400 ይደረሳል። በአሮጌ ባክላይት ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ወረቀቱን በውሃ እያራሱ መሥራትና አቧራ የሚከላከል ጭምብል ማድረግ ግድ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ስህተቱ ሁልጊዜ ችኮላ ነው። በኤፖክሲው ላይ የሚስማማ የመሠረት ቀለም ሳይኖር የተቀባ ቀለም የተሞላውን ቦታ ያጋልጣል፤ በክረምት እርጥበት የተረጨ ቀለም ደግሞ ነጭ ጭጋግ ያወጣል። ማጠንከሪያ የሚገባበት የመኪና ቀለም ጢሱ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ ተገቢው መከላከያና አየር ማስወጫ ወዳለው ቀቢ መውሰድ ይሻላል። የተቀባውን መሪም ከአንድ ሳምንት በፊት በላብ እጅ መጨበጥ አይገባም።

ሲገጠም ምልክቱ ከምልክቱ ይጋጠማል፤ ዳዶውም በመኪናው የጥገና መመሪያ በተጻፈው ልክ ይጠብቃል። ክላክሱ መንፋቱ፣ ፍሬቻው መታጠፊያው ሲያልቅ በራሱ መመለሱ፣ መሪውም ወደ ሁለቱም ወገን እስከ ጥግ ሲዞር አለመፋተጉ ባዶ ቦታ ላይ ይሞከራል። ከመጀመሪያው የበጋ ወር በኋላ ደግሞ መሪውን በጥሩ ብርሃን መመርመር ያስፈልጋል፤ ከተሞላው ቦታ ጎን አዲስ ቀጭን መስመር ቢታይ የቀረው ፕላስቲክ ገና እየተኮማተረ ነው ማለት ስለሆነ፣ የሚከፈተው ያ መስመር ብቻ ነው።