የጎረቤት አገሮችን ሕዝብ በአቡጄዲ ላይ እንዴት እንደምናሰፍር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሰባተኛ ክፍል ሶሻል አስተምራለሁ። ስለ አፍሪካ ቀንድ ሕዝቦች ካርታ ሥሩ ሲባሉ ልጆቹ ለየአገሩ አንድ ቀለም ይመርጡና ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀባሉ። ሱዳን አረብና ሙስሊም። ኢትዮጵያ ክርስቲያን። ሶማሊያ ሶማሌ፣ በቃ። እኔም ለዓመታት «ጎበዝ» እያልኩ ማርክ ስሰጥ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪዬ ደብተር ይዛ መጣች። እዚሁ ማርቆስ ተወልዳ ያደገች ሙስሊም ናት። አባቷ ገበያው አጠገብ ልብስ ይሰፋል። ጓደኛዋ ኢትዮጵያን በሙሉ ቢጫ ቀብታ መሐሉ ላይ መስቀል ሥላበታለች። «ቲቸር፣ እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ካርታውን በሌላ መንገድ ነው የምንሠራው። መምህር ከሆናችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ውስጥ ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ ካለ፣ እንዲህ አድርጉ።

የሚያስፈልገው ሁለት ሜትር አቡጄዲ፣ ማርከር፣ እርሳስ፣ ስፒል፣ ኮላ፣ ቀለሙ የተለያየ የኪሮሽ ክር ትርፍራፊ፣ እና ከየዓይነቱ አንድ አንድ እፍኝ እህል ነው። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ በቆሎ ይሆናል። ጤፍ አይሆንም፤ ኮላው ውስጥ ይጠፋል።

መጀመሪያ ወንዙን ሣሉ። ድንበሩን አይደለም። ድንበር ከቀደመ ልጅ ውስጡን መቀባት ያምረዋል። ወንዝ ከቀደመ ግን ዓይኑ መሄድ ይጀምራል። አባይን ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ አስነሱት። ጣና አግቡት፣ ባሕር ዳር ላይ አውጡት፣ ጎጃምን በደቡብ በኩል አዙራችሁ ወደ ሱዳን ስደዱት። ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ይገናኛል። ካርቱም ከመድረሱ በፊት ግን ወንዙ ዳር አንድ ነጥብ አድርጉና «ሶባ» ብላችሁ ጻፉ። ሶባ የአልዋ መንግሥት መዲና ነበረች። አልዋ ደግሞ የክርስቲያን አገር ነበረች። አልዋ የነበረችበት የኑቢያ ምድር ክርስትናን የተቀበለው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ አልዋም እስከ 1500 እ.ኤ.አ. ገደማ ቆይታለች። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከሰከላ የተነሣው ውኃ በአንድ ወቅት የቤተ ክርስቲያን ደወል በሚሰማበት ከተማ ሥር ያልፍ ነበር፤ ዛሬ በዚያው ዳር አዛን ይሰማል። ልጆቹ ሃይማኖት ከመሬት ጋር አብሮ የተፈጠረ ሳይሆን ታሪክ ያለው ነገር መሆኑን የሚረዱት እዚህ ላይ ነው።

ወንዙ ካለቀ በኋላ ድንበሩን በእርሳስ፣ ሳስ አድርጋችሁ አስምሩ። ጎረቤቶቻችን ስድስት ናቸው፤ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ደቡብ ሱዳን፣ ሱዳን። ደቡብ ሱዳን ራሷን የቻለችው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። የቆየ ካርታ ገልብጣችሁ እንዳትሳሳቱ።

ቀጥሎ ክሩ ይመጣል። ክር ማለት ሕዝብ ነው። ከቤት ጀምሩ። «ጎጃም ውስጥ ማን ማን ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። አማራ ይላሉ ቶሎ ብለው። ቆዩ፣ አትርዷቸው። አንዱ «እናቴ አገው ናት» ይላል። ሌላው የጣናን ነገደ ወይጦ ያስታውሳል፤ ታንኳ የሚሠሩትን፣ አማርኛ የሚናገሩትን፣ ሙስሊሞቹን። የድሮው የጎጃም ክፍለ ሀገር መተከልንም ይጨምር ስለነበር ጉሙዝና ሺናሻ ይነሣሉ። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ልጅ ከአያቱ የሰማውን የስድብ ስም ይጠራል። አትቆጡት። «ራሳቸውን ምን ብለው ይጠራሉ?» በሉትና ሰሌዳው ላይ ያንን ብቻ ጻፉ። ይህን ነገር በቀላሉ አልፈውም። ስሙ ከተስተካከለ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

አሁን ክሩን ድንበር አሻግሩት። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው በአገው ነው። የክሩን አንድ ጫፍ እንጅባራ ላይ በስፒል ውጉ፤ በሰቆጣ በኩል ኽምራን አስነኩትና ሌላውን ጫፍ ኤርትራ፣ ከረን ላይ ውጉ። ከረን አካባቢ ብሌኖች አሉ። ቋንቋቸው ከአዊ፣ ማለትም ከእንጅባራው አገው ቋንቋ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። አንድ ዓመት ከእንጅባራ የመጣ ተማሪ ነበረኝ። እስከ አምስት ቁጠርልን አልነው። አምስት ላይ «አንኳ» አለ። ብሌኑም አምስትን «አንኳ» ይላል ስለው ዓይኑ ፈጠጠ። «ቲቸር፣ እነሱ ፈረስ ይወዳሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለአዊ ልጅ ዘመድን መለያው ፈረስ ነው። ሃይማኖታቸውን ግን ተመልከቱ። አዊው በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው። ብሌኑ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለው፤ ከክርስቲያኖቹም ብዙዎቹ ካቶሊክ ናቸው። ክሩ አንድ፣ እህሉ (በኋላ እንደምታዩት ሃይማኖቱ ማለት ነው) ብዙ።

ሌሎቹን ክሮች ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጓቸው። አፋር ሦስት አገር ይነካል፤ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ጅቡቲን። ሶማሌ አራት። ኑዌርና አኙዋክ ከጋምቤላ ወደ ደቡብ ሱዳን ይሻገራሉ። በርታና ጉሙዝ ወደ ሱዳን። ኩናማ በትግራይና በኤርትራ አለ። ቦረና ሞያሌ ላይ ነው፤ ሞያሌ ራሷ ለኢትዮጵያና ለኬንያ የተከፈለች ከተማ ናት። ቦረና ዘንድ ዋቄፈታም (የኦሮሞ ባህላዊ እምነት ተከታይ)፣ ሙስሊምም፣ ክርስቲያንም ታገኛላችሁ።

ሦስት ቦታ ላይ ልጆች ይሳሳታሉ፤ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። አንደኛ፣ ኤርትራ ውስጥ ያለውን ትግረ ከትግራይ ጋር ይቀላቅሉታል። ትግረ ሌላ ሕዝብ ነው፤ ቋንቋውም ሌላ ነው፤ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ኤርትራ በይፋ የምትቆጥራቸው ብሔረሰቦች 9 ናቸው፤ ዘጠኙንም አስጽፏቸው። ሁለተኛ፣ ሱዳንን ሁሉ አረብ ያደርጋሉ። ቤጃ አለ፣ ኑቢያዊ አለ፣ ፉር፣ ማሳሊት፣ የኑባ ተራሮች ሕዝቦች አሉ። ኑባ ውስጥ ክርስቲያኖችም አሉ፤ ካርቱምና ኦምዱርማን ደግሞ ኮፕቶች (የግብጽ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች) ኖረዋል። ሦስተኛ፣ ሶማሊያን አንድ ዓይነት ያደርጓታል። በሃይማኖት አዎ፣ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሱኒ ሙስሊም ነው። ነገር ግን በሸበሌና በጁባ ወንዞች ዳር የሚያርሱ ባንቱዎች አሉ፤ በባሕሩ ዳር ባራዋ ላይ ደግሞ የስዋሂሊ ዘመድ የሆነ ቋንቋ ይነገራል።

እህሉ ሃይማኖት ነው። እዚህ ላይ እኔ ያጠፋሁትን አታጥፉ። በመጀመሪያው ዓመት ራሴ መደብኩት። ኦርቶዶክስ ሽምብራ፣ እስልምና ባቄላ፣ ፕሮቴስታንት አተር፣ ባህላዊ እምነት ጓያ። ምንም ክፋት አላሰብኩም፤ ቤት ውስጥ የነበረውን ነው ያመጣሁት። አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «የእነሱ ለምን ጓያ ሆነ? ጓያ እኮ ሰው ያሽመደምዳል» አለ። እውነቱን ነው። ጓያ ሲበዛ እግር እንደሚይዝ እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ደነገጥኩ። ሳላውቀው ደረጃ አውጥቼላቸው ኖሯል። አሁን ጓያ የለም፤ እህሉም በዕጣ ነው። ወረቀት ጠቅልላችሁ ቆብ ውስጥ ክተቱ፤ ትንሹ ልጅ ያውጣ። በዕጣ የመጣ ማንንም አያስከፋም።

ለኢትዮጵያ 100 ፍሬ ቁጠሩ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ኦርቶዶክስ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.6 ገደማ፣ ባህላዊ እምነት ወደ 3፣ ካቶሊክ ወደ 1 በመቶ ነበር። ለ43.5 ምን እናድርግ ብለው ሲከራከሩ አንዷ ሽምብራውን በጥርሷ ለሁለት ከካችውና «ይኸው ክክ» አለች። እንዲህ ያለው ቁጥር አይረሳም። ለኬንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ቆጠራ መሠረት ከ100ው 85 ያህሉ ክርስቲያን፣ 11 ያህሉ ሙስሊም ነው። ኤርትራ ላይ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት የሚቀበላቸውን አራቱን አኑሩ፤ ኦርቶዶክስ፣ ሱኒ እስልምና፣ ካቶሊክ፣ ሉተራን ወንጌላዊት።

ዋናው ግን አለጣጠፉ ነው። ፍሬውን አገሩ መሐል ላይ ቁልል አድርገው እንዳይለጥፉት። ክሩን ተከትለው፣ ሰው ባለበት ይበትኑት። ማርቆስ ላይ ራሱ ከአንድ ዓይነት በላይ ይቀመጥ። ያቺ ልጅ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር።

ካርታው ሲደርቅ ሰው ጥሩ። እኔ ከሰፈር አንድ ሼህና አንድ ቄስ ለምኜ አመጣለሁ። ልጆቹን «እምነታችሁ ምንድነው ብላችሁ አትጠይቁ» እላቸዋለሁ፤ ወደ ክርክር ይሄዳል። «ለቅሶ ቤት እንዴት ትበላላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የእናቴ ተዝካር ላይ የሆነውን እኔም እነግራቸዋለሁ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በግ ለብቻ ገዛን። አርደው፣ ገፈው፣ ጓሮ በራሳቸው ድስት የሠሩት ራሳቸው ናቸው። እንጀራው ግን ከአንድ ምጣድ የወጣ ነው። ሼሁ ይህን ሲሰሙ «እኛም ሠርግ ስንደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ ነው፤ በሬው ሁለት፣ ደስታው አንድ» አሉ። ቄሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ጥያቄ በጥያቄ ሆኑ፤ ደወሉ ተደውሎም አልወጡም።

አንድ ነገር ልጨምር። ክፍላችሁ ውስጥ ግጭት ያፈናቀለው ልጅ ሊኖር ይችላል። እኔ ጋ ከመተከል የመጣች ልጅ ነበረች። የጉሙዝ ክር ተራዋ ሲደርስ አልነካም አለች። ክፍሉ ሁሉ አያት። አላስገደድኳትም፤ «እናቆየው» ብዬ ክሩን ከስፒሎቹ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሌላም ልጅ እንዲሰካው አልፈቀድኩም። ሦስት ሳምንት ቦታው ባዶ ሆኖ ቆየ። አንድ ቀን ክፍል ጠርጋ ስትጨርስ ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና ጉሙዝ ጎረቤታቸው በቆሎ እሸት ያመጡላቸው እንደነበር ነገረችኝ። ስማቸውንም ነገረችኝ። ክሩን ግን ያን ቀንም አልሰካችውም። ክፍሉ ሲዘጋ ባዶ ቦታውን እንዳለ ትተን አለፍን። እናንተም ብትሆኑ አትቸኩሉ።

አቡጄዲውን አትጠፉት፤ እህሉ ይረግፋል። በመቃ ወይም በመጥረጊያ እንጨት ላይ ጠቅልሉትና ከጣራው ሥር ስቀሉት። ክረምቱን ሽምብራው ይነቅዛል። መስከረም ላይ ፍሬውን አራግፋችሁ፣ ክሩን እንዳለ ትታችሁ፣ ለአዲሶቹ ልጆች እንደገና ዕጣ አውጡ።