ጎጃም ተቀምጦ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የግል መርማሪነትን በኦንላይን እንዴት ማስተማር ይቻላል?

እንዲህ ያለ ኮርስ እንደከፈቱ ከተሰማ፣ ደውሎ የሚጠይቅዎት ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይታወቃል። «የሰው ስልክ መጥለፍ ታስተምራላችሁ?» መልስዎ አጭር ይሁን፤ አናስተምርም። ሚስቱን ወይም የሥራ ባልደረባውን ለመሰለል የመጣ ሰው እዚያው ይመለሳል፣ እርስዎም ከጣጣ ይድናሉ።

የግል መርማሪ አብዛኛው ሥራው ወረቀት ማንበብ፣ ሰው ማነጋገርና የሰማውን ማጣራት ነው። ጡረታ የወጡ ፖሊስ፣ ጠበቃ፣ የባንክ ኦዲተር ወይም የኢንሹራንስ ሠራተኛ ከሆኑ፣ ደብረ ማርቆስም ሆነ ዳንግላ ተቀምጠው በሳምንት ሁለት ምሽት ይህን ማስተማር ይችላሉ።

1. መጀመሪያ ወሰኑን ያስምሩ

የመጀመሪያው ትምህርት ሕግ ይሁን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰውን ግላዊ ሕይወት፣ ደብዳቤውንና የስልክ ግንኙነቱን ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ስልክ ወይም አካውንት ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርጋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰበሰቡትን የሰው መረጃ እንዴት እንደሚይዙ ይመለከታል። ወንጀል መመርመር የፖሊስ ሥራ ነው። የግል መርማሪ ቤት መፈተሽም ሆነ ሰውን ቃል እንዲሰጥ ማስገደድ አይችልም።

አሜሪካ ያሉ የአገር ልጆችም ሊመዘገቡ ይችላሉ። እዚያ አብዛኞቹ ግዛቶች ለግል መርማሪ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ የእርስዎ ኮርስ ያንን ፈቃድ እንደማይተካ በግልጽ ይንገሯቸው። የሚሰጡት ወረቀት ኮርሱን መከታተላቸውን ብቻ ይግለጽ። ገንዘብ መቀበል ከመጀመርዎ በፊት ኮርሱን ለመስጠት ፈቃድ ያስፈልግዎት እንደሆነ በአካባቢዎ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ተቀጣሪ ከሆኑም መሥሪያ ቤትዎ ይወቀው።

2. ተማሪ ይምረጡ

ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። ሲመዘገቡ ሥራቸውን፣ የያዙትን ስልክና ለምን መማር እንደፈለጉ ይጠይቋቸው። ቡሬ ላይ እህል የሚነግድ ሰው ሐሰተኛ ደረሰኝ ከእርስዎ በተሻለ ሊያውቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ሁለት ሰዓት ሌክቸር አይስጡት፤ ያስተምርልዎት።

የራሱን ጉዳይ ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። «እኔ እኮ የወንድሜን ገዳይ ልፈልግ ነው» ካለ፣ ወደ ፖሊስና ወደ ጠበቃ ይምሩት። ክፍል ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው ጉዳይ አይከፈትም።

3. ለሚቆራረጥ ኔትወርክ ይዘጋጁ

ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ማንም አልረሳውም። በደህናው ቀንም ቢሆን መብራትና ኔትወርክ ተማክረው የሚጠፉ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ትምህርቱ በቀጥታ ስርጭት ላይ ብቻ አይንጠልጠል። ማስታወሻውን በትንሽ ፒዲኤፍ፣ ማብራሪያውን በድምፅ ቀድተው በቴሌግራም ግሩፕ ቀድመው ይልቀቁ። የቀጥታው ክፍለ ጊዜ ለጥያቄና ለልምምድ ብቻ ይሁን። የዙም ነፃው አገልግሎት 40 ደቂቃ ላይ ይቋረጣል፤ እውነቱን ለመናገር ሥራ ውሎ ለመጣ ሰው ከዚያ በላይም አይመከርም።

4. የሥራ ፋይል ያዘጋጁ

ኮርሱ የሚቆመው በዚህ ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ። አንድ የፈጠራ ጉዳይ ይጻፉ። ለምሳሌ ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ቤት በደላላ በኩል ለሁለት ሰው ተሸጠ እንበል። ፋይሉ ውስጥ የውክልና ወረቀት፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የቴሌግራም ስክሪንሹትና የጎረቤት ቃል ይኑር። ስሙም ቁጥሩም ሁሉ የፈጠራ ይሁን።

ከዚያ የጊዜ ቅደም ተከተሉን እንዲሠሩ ይስጧቸው። ጎረቤቷ «ደላላው የመጣው የመጋቢት ሚካኤል ማግስት ነው፣ ማታ ሦስት ሰዓት ግድም» ይላሉ። ስክሪንሹቱ ላይ ያለው ሰዓት 9፡10 ፒኤም ነው። ደረሰኙ ላይ ደግሞ 03/12/2024 ተጽፏል። አንዱ ተማሪ ስክሪንሹቱን ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ይመዘግበዋል፤ እሱ ግን የእኛው ማታ 3፡10 ነው፣ ከጎረቤቷ ቃል ጋር ይገጥማል። ደረሰኙ የበለጠ ያጣላል። በወር ከተጀመረ ማርች 12 ነው፣ መጋቢት 3 ቀን 2016 ማለት ነው፤ ገንዘቡ ደላላው ከመምጣቱ አሥር ቀን በፊት ተከፍሏል። በቀን ከተጀመረ ግን ዲሴምበር 3፣ ማለትም ኅዳር 24 ቀን 2017 ይሆናል። ከስምንት ወር በኋላ! ታሪኩ ተገለበጠ።

ቶሎ አይንገሯቸው። ግሩፑ ውስጥ ይከራከሩበት። «ባንኩ ቀኑን የሚጽፈው እንዴት ነው? ሌላ ደረሰኝ እንይ» የሚል ተማሪ እስኪወጣ ይጠብቁ።

የስም ወጥመድም ይጨምሩበት። ውክልናው ላይ «ኃይሉ»፣ ስክሪንሹቱ ላይ «ሀይሉ» ይሁን፤ የፌስቡክ ስሙ ደግሞ በላቲን ፊደል በሌላ አጻጻፍ ይምጣ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ እየተቀያየሩ ሁሉም አጻጻፍ መፈለግ አለበት። የቤተሰብ ስም ስለሌለን በአባት ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ወንድማማቾችን ያምታታል።

5. ሦስት ዓምድ ያስምሯቸው

እያንዳንዱ ተማሪ ደብተሩ ላይ «የታየ»፣ «የተሰማ»፣ «የገመትኩት» ብሎ ይክፈል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ወርቁን መፈለግ ለምደናል። ምስክሩ «እንጃ፣ ሰው መሆን ከባድ ነው» ሲሉ፣ ተማሪው ወዲያው «ደላላውን ማለታቸው ነው» ብሎ ይተረጉማል። መጀመሪያ የተባለው ቃል በቃል ይጻፍ። ትርጉሙ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ይግባ።

6. ሰው ማነጋገርን በጥንድ ያለማምዱ

አንዱ መርማሪ፣ አንዱ ጎረቤት ይሁን። «ደላላው በቀይ ሞተር ነበር የመጣው አይደል?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልሱን ራሱ ሰጥቷል። «በምን መጣ?» ይበል፣ ከዚያ ዝም ይበል። ዝምታው ይከብዳቸዋል፤ ያስታግሷቸው።

አነጋገሩም ሥርዓት አለው። ለእናት «እትዬ፣ እንደምን አመሹ? ልጆች ደኅና ናቸው?» ሳይባል ወደ ጉዳዩ አይገባም። እሳቸው «ሰው እንዲህ ይላል» ሲሉ ደግሞ «ከማን ሰሙት፣ እትዬ?» ብሎ መከተል ነው። ድሮ በአውጫጭኝ አገር ምድሩ ተሰብስቦ ሌባ ሲያወጣ፣ ያየም፣ የሰማም፣ ቂም የያዘም እኩል ይናገር ነበር። የታየውን ከተሰማው መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስተማር ጥሩ ምሳሌ ነው።

7. የቤት ሥራው ከቤት አይውጣ

እዚህ ላይ ድርድር የለም። ሰው መከታተል፣ ፎቶ ማንሳት፣ ሰፈር ገብቶ «ማን ወጣ፣ ማን ገባ» ብሎ መጠየቅ ለቤት ሥራ አይሰጥም። ፀጥታው በደፈረሰበት አካባቢ ማስታወሻ ደብተር ይዞ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው በማንኛውም ወገን ሊጠረጠር ይችላል።

በምትኩ የቴሌግራም የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ይስጧቸው። ባሕር ዳር ቀበሌ 14 ነው የተባለው ሳሎን ፎቶው በጉግል ሌንስ (ተመሳሳይ ፎቶ ከኢንተርኔት በሚፈልገው አገልግሎት) ሲፈለግ የሌላ አገር ሆቴል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ማጣራቱ እዚያው ያብቃ፤ ለለጠፈው ሰው መጻፍ አያስፈልግም።

8. ሪፖርት ይቀበሉ፣ ክፍያ ይሰብስቡ

ትርፍ ጊዜዎን የሚበላው እርማት ነው። ሪፖርቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ማለቂያው ላይ «ያላረጋገጥኩት» የሚል ክፍል ከሌለው ሳያነቡ ይመልሱት። ክፍያውን በቴሌብር፣ ግማሹን ሲመዘገቡ፣ ግማሹን አጋማሽ ላይ ይቀበሉ፤ መጨረሻ ላይ ካሉ አስታዋሽ ሆነው ይቀራሉ።

ሁለተኛ ዙር ከመክፈትዎ በፊት የሥራ ፋይሉን ይቀይሩት። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መልሱን ለዘመድ ወዳጅ ፎርዋርድ አድርገው ጨርሰውታል።