ቆማ የምትከርም መኪናና አይጥ፦ ማየት የሰለቹኝ ስህተቶች

መኪና ለወራት ሲቆም ባትሪ እንደሚነቀልና ጎማ እንደሚነፋ ሁሉም ያውቃል። እኔ ዘንድ በሸክም የሚመጡት መኪኖች ግን አብዛኞቹ የተጎዱት በአይጥ ነው።

«መስኮቱን እኮ ዘግቼው ነበር!» ይሉኛል። አይጥ መስኮት ምን ያደርግላታል? እርሳስ የሚያሳልፍ፣ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይበቃታል። የምትወደው በር ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የአየር መግቢያ ነው፤ በዚያ ቁልቁል ወርዳ ማራገቢያው ውስጥ ትወልዳለች። ይህንን፣ የሞተሩን አየር መሳቢያና ማርሚታውን (የጭስ መውጫውን) ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር በጠበበ የማይዝግ የሽቦ ወንፊት ሸፍኑ። ጨርቅና ስፖንጅ መወተፍ ፍራሽ ማቀበል ነው። በብዙ መኪኖች አየሩ ውስጥ ለውስጥ እንዲዞር ማድረግ የውጪውን መግቢያ ይዘጋዋል፤ ታዲያ ባትሪው ከመነቀሉ በፊት ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ መኪናው ውስጥ መርዝ ማስቀመጥ። የተለመደው የአይጥ መርዝ ለመግደል ቀናት ይፈጅበታል፤ አይጧም የምትሞተው እጅ የማይገባበት ስርቻ ፈልጋ ነው። አንድ ደንበኛዬ «ማሞቂያውን ስከፍተው ይሸታል» ብሎ መጣ። መስታወቱ ላይ ሦስት ሽቶ አንጠልጥሏል። ክሩስኮቱን፣ ማለትም ከፊት ወንበሮቹ ፊት ያለውን ሰሌዳ፣ ስፈታ ዋልኩ። ማራገቢያው ውስጥ ከተቦጫጨቀ ሶፍትና ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ገጾች የተሠራ ጎጆ አለ፤ የደረቀች አይጥ ተኝታበታለች፤ ከጎኗ ሰማያዊ የመርዝ እንክብሎች በወግ ተከምረዋል። ለክፉ ቀን ስንቅ ይዛለች! እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ሰውየው ሂሳቡን አይቶ ነበርና አልሳቀም። ሞታ ብትገኝ እንኳ፣ እሷን የበላች ድመት ወይም ጉጉት ልትመረዝ ትችላለች፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ወጥመድ አድርጉ፤ እሱም ከመኪናው ውጪ ይሁን። አይጥ መሐል ሜዳ ማቋረጥ ስለማትወድ ወጥመዱን ግድግዳውን አስጠግታችሁ፣ ምግብ ያለበትን ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙሩት። ምስር የምታህል የኦቾሎኒ ቅቤ በቂ ናት፤ ከበዛ ጠርዙን ልሳ ትሄዳለች።

ናፍታሊንን አይጧ ትለምደዋለች፤ እናንተ ግን አትለምዱትም። ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ የሚያወጣው መሣሪያም ያው ነው፤ ድምፁ ወንበር እንኳ አያልፍም።

ብስኩትና ሶፍት ከመኪናው ይውጡ። ይህንንስ መጻፍ አልነበረብኝም።

የወተፉትን መርሳት ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው። የራሴን ማርሚታ ደፍኜ አከረምኩና፣ ሞተሩ አልነሳ ሲለኝ የነዳጅ ፓምፑን አውርጄ ግማሽ ቀን ፈተሽኩ። ማርሚታው ትዝ ያለኝ መኪናው ሥር ተኝቼ ሳለሁ ነው። ለማንም አልነገርኩም። ከዚያ ወዲህ የደፈንኩትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ መሪው ላይ አስራለሁ።

ሳታዩ አታስነሡ። ኮፈኑን ክፈቱ፣ የአየር ማጣሪያውን አውጡ፣ የተበሉ ሽቦዎችን ፈልጉ፤ የጋለ የጭስ ቱቦ ላይ ያረፈ ጎጆ እሳት ያነሳል። ኩስ ካገኛችሁ በደረቁ አትጥረጉ፤ አቧራው በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። በሮቹን ከፍታችሁ መኪናውን አናፍሱ፣ ጓንት አድርጉ፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አርሱት፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በወረቀት አንሱት። የወንበር ጨርቅ ላይ ከሆነ በረኪናው ቀለሙን ስለሚነጥቅ ለጨርቅ የሚሆን ፀረ ተሕዋስያን ተጠቀሙ።