እንጀራውን ከመቀነሳችሁ በፊት ካርድ አውጡ

ጎንደር አራዳ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። ሰው መወፈሩን ከሐኪም ቀድሞ የሚያውቀው ልብስ ሰፊ ነው። «እታለም፣ ይቺን ቀሚስ ትንሽ ልቀቂልኝ» እያለች የምትመላለስ ደንበኛ፣ ስፌቱ ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ ሲያልቅባት ወይ አዲስ ታሰፋለች ወይ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። አብዛኞቹ አዲስ ያሰፋሉ፤ እኔም እጠቀማለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ጤና ጣቢያውን ለመረጡት ነው። እኔም ስኳርና ደም ግፊት ያለብኝ ሰው ነኝ፤ ክብደቴን የቀነስኩት በሐኪም ክትትል ነው።

መጀመሪያ ወገባችሁን ተለኩ። ሚዛን የማይነግራችሁን ሜትር ይነግራችኋል፤ ለስኳርና ለልብ ሕመም ይበልጥ የሚያጋልጠው ሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ነውና። አለካኩን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ ሱሪ የሚያሰፉ ወንዶች በተለይ። ቀበቶውን ከቦርጩ በታች አውርዶ የሚታጠቅ ሰው የሱሪው ቁጥር ለዓመታት ላይለወጥ ይችላል፤ ቦርጩ ግን ከቀበቶው በላይ ያድጋል። ትክክለኛው ቦታ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ነው። ልብሳችሁን ገልጣችሁ ቁሙ፣ እንደ ልማዳችሁ ተንፍሱ፣ ሆድ ሳትስቡ ሜትሩን ሳታጠብቁ ዙሪያውን እኩል አዙሩት። ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር፣ ወንድ ከ94 ሲያልፍ ለሕመም የመጋለጥ ዕድል ይጨምራል፤ ሴት ከ88፣ ወንድ ከ102 ካለፈ ደግሞ ቀጠሮውን ለሚቀጥለው ወር ማስተላለፍ አይገባም።

ክብደትና ቁመትንም አስሉ። ክብደቱን በኪሎ፣ ቁመቱን በሜትር ይዛችሁ ክብደቱን ለቁመቱ ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። 80 ኪሎ የምትመዝንና 1.60 ሜትር የምትረዝም ሴት 31 ገደማ ይወጣላታል። ከ25 በላይ ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከ30 በላይ ደግሞ ሕክምና የሚፈልግ ውፍረት ይባላል።

ቀጥሎ አንድ ወረቀት አዘጋጁ፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ የምትረሱት ብዙ ነውና። የምትወስዱትን መድኃኒት በቃል ለማስታወስ አትሞክሩ፣ ካርቶኑን እንዳለ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ክብደት የሚጨምሩ መድኃኒቶች አሉ፦ ኢንሱሊን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ በየሦስት ወሩ የሚወጋው የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ። ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ፕሬድኒሶሎንን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆመው ለሕይወት ያሰጋዋል። ለሐኪሙ አሳዩት፣ የሚለወጠውን እርሱ ይለውጣል። የባህል መድኃኒትም ከጠጣችሁ ሳታፍሩ ተናገሩ።

የአንድ ሳምንት ምግባችሁንም ጻፉ። ከሁሉ በላይ ዘይቱን። «ዘይት ብዙ አልጠቀምም» የማይል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ስለዚህ ከጀሪካኑ ጀምሩ። አምስት ሊትሩ ስንት ቀን ቆየ? ስንት ሰው በላው? አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ኃይል አለው። አራት ሰው ያለበት ቤት አምስት ሊትር በወር ከጨረሰ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 340 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይደርሰዋል፣ እንጀራው ገና ሳይቆጠር። ለአንድ አዋቂ የቀን ፍላጎት በጥቅሉ 2,000 ገደማ ነው ብላችሁ ብታሰሉ የዘይቱን ድርሻ ታዩታላችሁ።

ወረቀቱን ይዛችሁ በቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ። «የክብደት መቀነሻ» የሚል ታፔላ አትፈልጉ። የምትገቡት በተመላላሽ ሕክምና ነው፤ ስኳር ወይም ግፊት ከተገኘባችሁ ወደ ክትትል ትዛወራላችሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ደብተሩን አትርሱ፤ ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር ወረቀት ነው ወደ ሆስፒታል የሚታለፈው። ካርድ ክፍል በማለዳ ድረሱ፣ ሌሊቱን ከውኃ በቀር ምንም ሳትቀምሱ፤ የጾም ስኳር ለመለካት ቢያንስ ስምንት ሰዓት ባዶ ሆድ ያስፈልጋል። «ቡና ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚል ሰው በሚቀጥለው ቀን ተመለስ ሲባል ይቆጣል፤ ቡናው ውስጥ ስኳር መኖሩን ግን አይናገርም።

ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከተላካችሁ የማስተማሪያ ሆስፒታል መሆኑን አስቡ። ዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተከፈተበት ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ አንዱ ተማሪ የጠየቃችሁን ሌላው ደግሞ ይጠይቃችኋል። አትሰልቹ። ለእኔ ተማሪዎቹ ጊዜ ሰጥተው ይሰማሉ፤ ስለ እንቅልፌና ስለ ማንኮራፋቴ መጀመሪያ የጠየቀኝ ተማሪ ነው። ሌሊት እያንኮራፉ ትንፋሽ የሚያቋርጡ ሰዎች ቀን ሲያንቀላፉ ይውላሉ፣ ይህም ከውፍረት ጋር የተያያዘ ሕመም ስለሆነ መነገር አለበት።

ከምርመራዎቹ ውስጥ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኩላሊትና የደም ቅባት የተለመዱ ናቸው። የጾም ስኳር በተለያየ ቀን ተለክቶ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም ነው። ብርድ የማይችል፣ ሆዱ የሚደርቅ፣ ሁልጊዜ የሚደክመው ወይም እንቅርት ያለበት ሰው የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቅ፤ ዕጢው ሲዳከም ክብደት ይጨምራልና። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠቡ ከሆናችሁ ደግሞ መቀነስ የሚባለውን ነገር ለጊዜው ተዉት፣ ምግባችሁን ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ።

ሐኪሙን «ስንት ልቀንስ?» ስትሉት የሚመልስላችሁ ቁጥር ሊያሳዝናችሁ ይችላል። ከክብደታችሁ ከመቶ አምስት እስከ አሥር ነው የሚለው። 80 ኪሎ ለሆነች ሴት ከአራት እስከ ስምንት ኪሎ ማለት ነው፣ እሱም በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ እየሆነ። ሙሽራ ሆና መቅጠን ለምትፈልግ ይህ ምንም ነው። ለስኳርና ለግፊት ግን ከባድ ለውጥ ነው፤ የእኔን ክኒን ያስቀነሰው ያ «ምንም» የተባለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ጾም። በእኛ አገር የክብደት ክትትል ያለ ባሕረ ሐሳብ አይሠራም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1፣ ከዚያ ረቡዕና ዓርብ። «ስጾም እቀንሳለሁ» የሚለው ሁሉ እንደ እኔ ልብስ ቢሰፋ ኖሮ ይህን አይልም። ከፋሲካ በፊት ልብሳቸውን የሚያስጠብቡ ጥቂቶች ናቸው። ሥጋና ቅቤ ይቀራል፤ በምትኩ በዘይት የዋኘ ሽሮ፣ ድንች፣ ዳቦና ሳምቡሳ ይገባል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የተራበ ሆድም በአንድ ማዕድ የሦስቱን ይበላል።

መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ነገሩ ከውፍረት ያልፋል። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ጠዋት ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾመ ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ከዚያም መደናገር ነው። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን ብቻውን ሲወሰድ ይህን እምብዛም አያደርግም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ «በዚህ ወር እጾማለሁ፣ እስከዚህ ሰዓት» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ሐኪሙ የሰዓቱንና የመጠኑን ነገር ይወስናል፣ ወይም አትጹሙ ይላችኋል። ያን ጊዜ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በግድ ጹም አትልም፤ የእኔ ንስሐ አባት «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ብለው ነው የጀመሩት። ረመዳን የሚጾሙ ጎረቤቶቼም ጾሙ ከመግባቱ ቀደም ብለው ሐኪም ማማከር አለባቸው።

እኔ በነጠላዬ ጫፍ ስኳር ቋጥሬ ነው ቅዳሴ የምቆመው። ምልክቱ ከመጣ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጡና ጠጡ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለ ድገሙ፣ ቀጥሎ ምግብ ብሉ። «ጾሙ ይፈርሳል» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ በአፉ ምንም አታድርጉ፣ ወደ ሕክምና አፋጥኑት። ክብደት ሲቀንስ ስትወስዱት የነበረው የግፊት መድኃኒትም መጠኑ ሊበዛባችሁ ይችላል፤ ከመቀመጫ ስትነሱ ዓይናችሁ የሚጨልም ከሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተለኩ።

ምግቡ ላይ እንግዳ ነገር አያስፈልግም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ዕንቁላል፣ ሰላጣ ከገበያችን አይጠፉም። ዘይቱን ከጀሪካን ወደ ድስት በቀጥታ አታፍስሱ፤ በሾርባ ማንኪያ ስፈሩ፣ አንዷ ማንኪያ 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ናት። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላሉት፣ ሲደርቅ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ። ትሪ ላይ አብሮ ለሚበላ ሰው መቁጠር ስለማይቻል ድርሻችሁን ቀድማችሁ ቆርጣችሁ በፊታችሁ አጥፉት፤ ሲያልቅ አለቀ። ከትሪው ግማሹ አትክልት ቢሆን ደግ ነው። ቡናውን ማንም አይከለክላችሁም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዳቸው በሁለት ማንኪያ ስኳር ከሆኑ ግን ስድስት ማንኪያ ነው፣ ያውም የከሰዓቱ ቡና ሳይቆጠር። ጠላና ቢራም ይቆጠራሉ።

ከሁሉ የሚከብደው የሰው ቤት ነው። ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ተዝካሩ፣ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ሠርጉ። ጥር ጎንደር ላይ በእንግዳ የሚጥለቀለቅ ወር ነው፤ በዚያ ወር መጀመር ለራስ ወጥመድ ማጥመድ ስለሚመስለኝ የሚጠይቁኝን ሁሉ ከየካቲት አስጀምራለሁ። «አፈር ስሆን! አንዲት ጉርሻ» የምትል እናት ፊት «ወፍሬያለሁ» ማለት አይጠቅምም፤ «ኧረ አማረብሽ እንጂ!» ትላለች። «ሐኪም ከልክሎኛል፣ እትዬ» በሉ። ከሐኪም ጋር የምትከራከር አስተናጋጅ አላየሁም። ስትከሱ ደግሞ ሰፈሩ «ምን ነካሽ? ታመምሽ እንዴ?» ይላል። ለማስረዳት አትድከሙ። ሳታስቡት፣ ምግብ ሳትቀንሱ የምትከሱ ከሆነ ግን ሰፈሩ ትክክል ነው፤ ሳንባ ነቀርሳም ያልታከመ ስኳርም እንደዚያ ያከሳሉ፣ ተመርመሩ።

እግር ጉዞን በሚመለከት የጎንደር ሰው ዕድለኛ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት በነፃ አለው። የሚመከረው በሳምንት 150 ደቂቃ ነው። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ፍጥነቱ ልክ ነው። ለጀማሪ ከፒያሳ እስከ ፋሲል መዋኛ ያለው መንገድ ይበቃል። ወደ ቁስቋም የሚወስደውን ዳገት ትንፋሻችሁ እስኪጠነክር አቆዩት፤ ጉልበት የሚያማችሁ ደግሞ ሲወርዱ ነውና የሚብሰው፣ ወጥታችሁ በባጃጅ ተመለሱ። ደረት የሚጫን ሕመም ከመጣ ቁሙ፣ ካላለፈ ወደ ሆስፒታል። ክረምት ሲገባ በቤት ውስጥ ከበርጩማ መነሳትና መቀመጥ፣ ውኃ የሞላ ሁለት ሊትር ፕላስቲክ ማንሳት ጡንቻን ያቆያል። የስፌት መኪና መርገጥ አይቆጠርም፣ ጠይቄያለሁ።

የሚያከሳ ሻይ የሚሸጡ ሰዎች ወደ እኔም ሱቅ ይመጣሉ። አብዛኛው ሆድ የሚያስቀምጥ ነው፣ የሚወጣውም ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። ክብደት የሚቀንሰው ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን በሐኪም ትእዛዝና ክትትል የሚሰጥ፣ ከመከፈቱ በፊት በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ ነው። ከውጭ በሻንጣ ሙቀት ውስጥ የመጣውን አትወጉ።

በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ ተመዘኑና ከቀኑ ጋር ጻፉት። ጥቂት ሳምንት ኪሎው ባይንቀሳቀስ ሜትሩን እዩ፣ ዘይቱንም ደግማችሁ ስፈሩ። በስኳር ክትትል ላይ ያላችሁ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ጠይቁ። ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ወረቀቱ፣ የመድኃኒቱ ካርቶንና የካርድ ቁጥሩ ከእናንተ ጋር ይሁኑ። ቀጠሮ ካመለጣችሁ «አፍራለሁ» ብላችሁ አትቅሩ፤ በማግሥቱ ሂዱ፣ ካርዱ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነው።